ውኃ ውስጥ ካለው ልጄ የደበቅሁት መርዶ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ነው፤ ረመዳን በወጣ በሁለተኛው ሳምንት። ሰው "ተወው፣ አላህ ያለው ነው የሆነው" ይለኛል። አልተወኝም። ባለቤቴ ስለሞተች ብቻ አይደለም፤ ሞት ያለ ነገር ነው። የማይተወኝ በልጄ ላይ ያደረግሁት ነው።

እኔ የወሎ ሰው ነኝ። ትምህርቴ ትንሽ ነው፤ አጻጻፌን እለፉኝ። እዚህ አሜሪካ፣ ዲኤፍደብሊው በሚባለው አውሮፕላን ማረፊያ መራመድ የማይችል መንገደኛ በዊልቸር እየገፋሁ አሥራ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ልጄ አንዋር ያደገው እዚህ ነው። ኮሌጅ ግባ ስለው አሻፈረኝ ብሎ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ገባ። ግትርነቱን ከማን እንዳመጣው እናቱ ዘይነባ በየቀኑ ትነግረኝ ነበር።

የተመደበው ሰርጓጅ መርከብ ላይ ነው፤ በኒውክሌር ከሚሄዱት። አንድ ቀን ቁጭ ብሎ አስረዳኝ።

"አባ፣ ይሄ ነዳጅ አይቀዳም። ለብዙ ዓመት አይቀዳም። የምንተነፍሰውን አየር፣ የምንጠጣውን ውኃ ከባሕሩ ራሱ ይሠራል።"

"ታዲያ ምን ያወጣችኋል?"

"ምግብ። ምግብ ሲያልቅ እንመጣለን።"

"ሥራችሁስ ምንድነው?"

"ማለቴ... ትልልቆቹ መርከቦች ሲሰማሩ እኛ ቀድመን ከሥር እንሄዳለን። እናዳምጣለን። ማንም የት እንዳለን ካላወቀ ሥራችንን ሠራን ማለት ነው።"

እኔ ከዚህ ሁሉ የገባኝ፣ ልጄ ያለበትን እንደማላውቅ ነው። በዚያው ሰሞን ቴሌቪዥኑ የጦር መርከቦች ተላኩ እያለ ያወራል። መስጊድ በር ላይ ወዳጄ ሐጂ ኑሩ ያዘኝ።

"ሰይድ፣ ልጅህ የት ደረሰ?"

"አላውቅም።"

"ምን ዓይነት አባት ነህ አንተ?"

"ውኃ ውስጥ ነው አልኩህ።"

"ዓሣ ነው የወለድኩት በለኛ!"

የቆመው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

አንዋር ከመሄዱ በፊት አንድ ፎርም ይዞ መጥቶ ነበር። እናንተ ባሕር ውስጥ ሳላችሁ ከቤተሰብ ሰው ቢሞት እዚያው ይነገራችሁ ወይስ ስትመለሱ? ይላል። "ምን ልበል አባ?" አለኝ። "ስትመለስ በል" አልኩት። እኛ ዘንድ መንገድ ላይ ላለ ሰው መርዶ አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ቤቱ ተገብቶ ነው የሚነገረው። ሰውየው ሲወድቅ የሚይዘው ሰው አጠገቡ አለ። "ኦኬ" ብሎ እንዳልኩት ምልክት አደረገ።

በሄደ በሁለተኛው ወር ዘይነባ ቆማ ሳህን ስታጥብ ወደቀች። ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሷል አሉን። አራት ቀን ሆስፒታል ተኛች። ትሰማለች፤ እጅ ሲይዟት ትጨብጣለች። ምላሷ ግን ተሳስሯል።

ትልቋ ልጄ ሰሚራ ሪቻርድሰን በሚባለው ከተማ ኮምፒውተር ላይ ነው የምትሠራው። ሥራዋን ጥላ መጣች።

"አባዬ፣ ፎርሙ የሚለው ስለ ሞት ነው። ስለ ሕመም አይደለም። ለአንዋር ልጻፍለት።"

"አትጽፊም።"

"ለምን?"

"መርከቡ ለእሱ ብሎ አይወጣም። እዚያ ታፍኖ ምን ያድርግ? ትድናለች።"

አልዳነችም። በአምስተኛው ቀን ማለዳ ሞተች። የዚያኑ ዕለት ወደ ዴንተን በሚወስደው መንገድ ካለው መቃብር ቀበርናት።

ለቀባሪው ሁሉ ለመንኩ፤ ፌስቡክ ላይ እንዳትለጥፉ፣ ለአንዋር እንዳትጽፉ አልኩ። የኛ ሰው መርዶ መደበቅ ያውቃል። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አንድም ሰው አላወጣም።

የአንዋር ኢሜይል ግን ይመጣል፤ አንዳንዴ በሳምንት፣ አንዳንዴ በሦስት ሳምንት፣ መርከቡ ሲመቸው። መጨረሻው ሁሌ "ኡሚስ?" ነው።

"እናትህ ደህና ናት፣ ሰላም ብላሃለች በዪው" አልኳት ሰሚራን።

"አባዬ፣ ይሄ ውሸት ነው።"

"ውሸት አይደለም፤ ማቆያ ነው።"

"እንግዲያው ወንጀሉ ባንተ ነው።"

"በኔ ይሁን። ጻፊ።"

እያለቀሰች ጻፈች። እንዲህ እያልን ሁለት ወር ገፋን።

አንድ ጊዜ ደግሞ ሌላ ጥያቄ መጣ። የመርከቡ ወጥ ቤት ኃላፊ አንድ ቀን ያገርህን ምግብ አብስል ብሎታል። "ኡሚ ምስር ስትሠራ ቅመሙን እንዴት እንደምታደርግ ጠይቁልኝ" ይላል። ሰሚራ ኩሽና አታውቅም፤ አየችኝ። እኔ አርባ ዓመት በላሁ እንጂ ሠርቼ አላውቅም። "ሽንኩርቱን ታቁላላለች፣ በርበሬ፣ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት በደንብ አድርጎ ነው በዪው" አልኩ። ያለ ነጭ ሽንኩርት ምስር የሚሠራ ማን አለ? ላክነው። ከዚያ በኋላ በመጡት ሁለት ኢሜይሎች "ኡሚስ?" የሚል አልነበረም። እኔ ቀለለኝ እንጂ ለምን አላልኩም።

መርከቡ ገባና አንዋር ከወደብ ደወለ።

"አባ፣ ኡሚን አቅርባት።"

"ተኝታለች" አልኩ።

 "ኦኬ" ብሎ ዘጋው።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ በሚያርፍ በረራ መጣ። ሐጂ ኑሩና አምስት ሽማግሌዎች ቤቴ ሆነው ይጠብቃሉ። እኔ ብቻዬን ልቀበለው ሄድኩ። ቀጥኗል፤ ቆዳው ፀሐይ ያላየ ሰው ቆዳ ሆኗል። አቀፈኝ። መኪና ውስጥ ገብተን ሃይዌይ ላይ እንደወጣን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ተናገረ።

"አባ፣ ኡሚ ሞታለች አይደል?"

 "ቤት እንግባ" አልኩት።

"ጠየቅሁህ እኮ።"

"ቤት እንግባ፣ አንዋር።"

"ኡሚ ምስር ላይ ነጭ ሽንኩርት አታደርግም። ላንተ ጨጓራ ብላ። ልጅ ሆኜ ነግራኛለች። እሷን ብትጠይቃት ኖሮ እንደዚያ አትልም ነበር።"

ይህን እኔ አላውቅም ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ስበላ አላውቅም ነበር። ያን ጊዜም ቢሆን አልነገርኩትም። መርዶ መኪና ውስጥ አይነገርም ብዬ ጥርሴን ነክሼ ነዳሁ። ሃያ አምስት ደቂቃ። ልጄ ዳግመኛ አልጠየቀኝም።

ቤት ስንገባ ሽማግሌዎቹ ተነሡ። ሐጂ ኑሩ "ልጄ፣ ሁላችንም የአላህ ነን" ሲል አንዋር አቋረጠው።

"ታማ ነበር?"

"አብሽር ልጄ፣ ቁጭ በል..."

"ስንት ቀን ታመመች?"

ሐጂ ኑሩ እኔን አየኝ። "አራት ቀን" አልኩ።

"ትሰማ ነበር?"

"ትሰማ ነበር።"

ያኔ ነው የወደቀው። ያዙት። ሲረጋጋ እንዲህ አለኝ፦ "መርከቡ ለኔ ብሎ እንደማይወጣ ካንተ በላይ አውቃለሁ። ግን በሕይወት እያለች አራት ቀን ዱዓ አደርግላት ነበር። አንድ መስመር እጽፍላት ነበር፤ ሰሚራ በጆሮዋ ታነብላት ነበር። ከዚያ ደግሞ አምስት ሳምንት፣ ሞታ ይሆን ታማ ይሆን እያልኩ፣ የምጠይቀው ሰው ሳይኖር እዚያ ውስጥ ተኛሁ። ሰው አጠገቤ እንዲኖር ብለህ ነው አይደል? ማንም አልነበረም።"

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። 

እኔ ሐሳቤን ቶሎ የምቀይር ሰው አይደለሁም። መርዶን ለሰዓቱ ማቆየት ትክክል ነው ብያለሁ፣ ዛሬም እላለሁ። አራቱን ቀን ግን ትክክል ነው አልልም። የሴትዮዋ ጆሮ ይሰማ ነበር፤ እኔ ነኝ የልጇን ቃል የከለከልኳት። ይህን ስሰግድም አስበዋለሁ።

አንዋር አልተጣላኝም። ወደ ሥራው ተመልሷል፤ የብስ ላይ ሲሆን ይደውላል። "እንዴት ነህ?" ይለኛል። "ደህና ነኝ" እላለሁ። "ቪዲዮ አድርገው" ይላል። ፊቴን ያያል። "ተነሥ እስቲ፣ ትንሽ ሂድ" ይላል። እሄድለታለሁ። በሰባ ሁለት ዓመቴ፣ ደህና ነኝ ስል የሚያምነኝ ልጅ የለኝም። አልቆጣውም። ስልኩን ከፍ አድርጌ እይዛለሁ፣ እስኪበቃው ድረስ ያየኛል።