የኪርኩክ ቧንቧ በኦክላንድ ጎሚስታ ቤት

ኡስማን ሐርቡ ተወልዶ ኮምቦልቻ ላይ ጎማ መለጠፍ የተማረ ሰው ነው። ዲቪ የደረሰው ለእሱ ሳይሆን ለሚስቱ ለዓፊፋ ነበር። ይህን ራሱ ሲያወራው ይስቃል። "ተሳፋሪዋ እሷ ናት፣ እኔ ሻንጣ ነኝ" ይላል። ኦክላንድ እንደገቡ አንድ ዓመት ያህል የመኪና ማቆሚያ ጠበቀ። ከዚያ በምሥራቅ ኦክላንድ አንድ ጎሚስታ ቤት ጎራ ብሎ ሥራ ጠየቀ። እንግሊዝኛው ገና ስለማያግባባው መናገሩን ትቶ አንድ የተነፈሰ ጎማ አንሥቶ ሠራላቸው። በዚያው ቀረ።

ጎሚስታ ቤቱ የሁለት ኢራቃውያን ነው። አንዱ ሸርኮ ይባላል፤ ኩርድ ነው፣ የሱለይማንያ ልጅ፣ አጭር፣ ፈጣን፣ አፉም እጁም የማያርፍ። ሌላው ሙሐነድ ነው፤ ዐረብ ነው፣ የባስራ ልጅ፣ ረጅም፣ አንድ ቃል ለመናገር የሚያስብ። ሁለቱ የተዋወቁት በአገራቸው አይደለም። ሳን ሆዜ መጋዘን ውስጥ ሣጥን ሲሸከሙ ተገናኙ፤ ከዚያ ተማከሩና ይቺን ቤት ከፈቱ። ሦስቱ የሚግባቡት በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው። ኡስማን በዕድሜ ይበልጣቸዋል። ሸርኮ "ካክ ኡስማን" ይለዋል፤ በእነሱ አነጋገር ታላቅ ወንድሜ እንደ ማለት ነው። ሙሐነድ የነሲባ አባት ለማለት በልጁ ስም "አቡ ነሲባ" እያለ ይጠራዋል። የቀትሩ ሰላት፣ ዙህር፣ ሲደርስ ከጓሮ ጎማ በተደረደረበት ክፍል ምንጣፍ ይዘረጋል፤ ኡስማን ከፊት ይቆማል፣ ሁለቱ ከኋላው ትከሻ ለትከሻ ይቆማሉ። ኡስማን ስለ ኢራቅ የሚያውቀው ይህንኑ ነበር፤ አንድ አጭርና አንድ ረጅም ሰው ጎን ለጎን።

ነገሩ የተበላሸው ጁላይ ላይ ነው። ደንበኞች በሚቀመጡበት በኩል ግድግዳ ላይ ቴሌቪዥን አለ፤ ሙሐነድ የዐረብኛ ዜና ይከፍትበታል። ያን ቀን በኩርዶቹ አካባቢ ያሉ የነዳጅ ጉድጓዶች በድሮን ተመቱ የሚል ዜና መጣ። ጭስ ይታያል። ሸርኮ የጎማ መፍቻውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

ሙሐነድ ከወንበሩ ሳይነሣ፣ "ለብቻ የሚሸጥ ነዳጅ መጨረሻው ይኸው ነው" አለ።

"ምን አልክ?"

"ኮንትሮባንድ ነው አልኩ። የአገሩ ነዳጅ የሁላችንም ነው። ለብቻው ቆፍሮ ለብቻው የሚሸጥ ሌባ ነው።"

ሸርኮ መፍቻውን ጣለው። "እህቴ አስተማሪ ናት። ባግዳድ ደሞዟን ከያዘባት ስንት ጊዜዋ ነው? ሌባው ማነው?" አለና ጨመረ፣ "መንደራችንን ያቃጠሉት የድሮው የባግዳድ መንግሥት ሰዎችም ልክ እንዳንተ ነበር የሚያወሩት።"

ዘይት ለማስቀየር የመጡ አንዲት ሴትዮ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ተቀምጠው ነበር። ሙሐነድ ተነሣ። ኡስማን ሊመታው መስሎት መሐል ገባ። ግን አልመታውም፤ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። የጎደለ ዕቃ ሲኖር እንኳ በኡስማን በኩል ነው የሚጠያየቁት። "ካክ ኡስማን፣ ለዚያ ሰውዬ የብሬክ ሸራው አልቋል በለው።" ሰውዬው ሦስት እርምጃ ርቆ ቆሟል። ከሁሉ የከፋው ስግደቱ ሆነ። አንዱ ከኡስማን ጋር ሰግዶ ሲወጣ ሌላው ይመጣና "አሰግደኝ" ይለዋል። ኡስማን አንድ ሰው አንዱን ሰላት ሁለቴ ያሰግድ እንደሆነ አያውቅም። ሳን ሆዜ ላሉ አንድ ሸህ ደወለና ጠየቃቸው። እሳቸውም የሊቃውንቱን ልዩነት ሲዘረዝሩለት ቆዩ። ስልኩን ሲዘጋ ከመደወሉ በፊት ከነበረው ይልቅ ግራ ተጋብቶ ነበር።

ልጁ ነሲባ ኮሌጅ ትማራለች። አማርኛ ትሰማለች፣ ስትመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው። እራት ላይ ጠየቃት።

"ነሲባዬ፣ እስቲ ይሄ የኢራቅ ነዳጅ ምንድን ነው ነገሩ?"

ስልኳን ከፈተች። "ኦኬ አባ። ኢትስ ላይክ፣ ፌደራል ቨርሰስ ስቴት።" ከዚያ እያነበበች፣ አማርኛውና እንግሊዝኛው እየተደባለቀባት ነገረችው። ከኪርኩክ ተነሥቶ በቱርክ አልፎ ባሕር ድረስ የሚሄድ ቧንቧ አለ። የኩርዶቹ መንግሥት በራሱ ሲሸጥበት ኖሯል። ባግዳድ መሸጥ የምችለው እኔ ብቻ ነኝ አለ። የውጭ ዳኞች ለባግዳድ ፈረዱ፣ ቧንቧው ተዘጋ፣ ከተዘጋም ሁለት ዓመት አልፎታል። ነዳጁን አስረክቡና ደሞዝ እንልካለን፣ ደሞዝ ላኩና እናስረክባለን፤ እንዲህ ሲባባሉ ከረሙ።

"ታዲያ ልክ ማነው?"

"ኢት ዲፔንድስ።"

"ይቺ ዲፔንድስ የምትሏት ነገር..." አለ ኡስማን። ዓፊፋ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ማዕከላዊ መንግሥትና ክልል ሲጣሉ በአገሩም አይቷል። ያኔም ከአንዱ ቤት "እውነታቸውን ነው" ብሎ ይወጣና ሌላው ቤት ገብቶ "እውነታችሁን ነው" ይል ነበር።

ሴፕቴምበር ሲገባ ሁለቱ ሊለያዩ ወሰኑ። ሙሐነድ ኦክላንድ ያለውን ቤት ሊይዝ፣ ሸርኮ ሳን ሆዜ አጠገብ ሚልፒታስ ላይ አዲስ ሊከፍት ተስማሙ፤ የተስማሙትም በጠበቃ በኩል ነው። ከዚያ ሁለቱም፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻ፣ ኡስማንን ያዙት።

"ከእኔ ጋር ነህ አይደል፣ ካክ ኡስማን?"

"እዚሁ ነህ አይደል፣ አቡ ነሲባ?"

የወሩ መጨረሻ ሰኞ መልሱን ሊሰጣቸው ቀጠሮ ያዘ። ኡስማን ሌሊቱን ሲገላበጥ፣ ዓፊፋ "ሁለቱም ፈለጉህ፣ ምን ያስጨንቅሃል?" አለችው። ያስጨነቀው ይኸው ነበር። አንዱን ሲመርጥ ሌላውን ማጣቱ ነው፤ እሱ ደግሞ ሁለቱንም ወዷቸዋል። መለያየታቸው ቢቀር መምረጡም ይቀርለታል። ስለዚህ ሊያስታርቃቸው ተነሣ።

አባቱ በሐርቡ ዙሪያ የታወቁ አበጋር ነበሩ። አበጋር ማለት ወሎ ውስጥ ደም የተቃቡትን ሳይቀር አስቀምጦ የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው። ኡስማን ልጅ ሆኖ ከአባቱ ኋላ ኋላ እየሄደ አይቷል። የአባቱ አሠራር እንዲህ ነበር፤ ሁለቱን ለየብቻ ይሰማሉ፣ ለሁለቱም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ በልባቸው ማን የበለጠ እንደተበደለ ይመዝናሉ። ከዚያ አጥፊውን አይነኩትም። ተነሥተው የሚለምኑት የተበደለውን ነው። ይቅር የሚለው ነገር ያለው እሱ ስለሆነ፣ መለመኑም ክብሩ ነው። በአገራቸው ይህን የማያውቅ የለም። ሽማግሌ ኮፍያውን አውልቆ ከፊቱ የቆመለት ሰው፣ እውነቱ የእኔ ነው ማለት ነው ብሎ ቀና ይላል፤ ያ ኩራቱ ራሱ ልቡን ያራራዋል።

እሑድ፣ ጎሚስታ ቤቱ ዝግ በሚሆንበት ቀን ሁለቱን ቀጠራቸው። አንዱ ሌላው እንደሚመጣ አያውቅም ነበር። ሲተያዩ ሁለቱም ወደ በሩ ዞሩ። ኡስማን እጁን ዘርግቶ በሩ ላይ ቆመ። "ካክ ካላችሁኝ፣ አቡ ነሲባ ካላችሁኝ፣ ተቀመጡ።" ጎማ ላይ ተቀመጡ፣ አንዱ በወዲህ፣ አንዱ በወዲያ።

መጀመሪያ ሙሐነድን ወደ ጓሮ ወስዶ ሰማው። ባስራ ላይ ሌሊቱ ከነዳጅ ጉድጓዶቹ እሳት የተነሣ አይጨልምም፤ ጋዙ ቤታቸው አናት ላይ ይነዳል። የእናቱ ቤት የውሃ ቧንቧ የሚያወርደው ጨው ነው። "የአገሩን ሁሉ ደሞዝ የሚከፍለው የእኛ ነዳጅ ነው። እኛ ጨው ስንጠጣ እነሱ የራሳቸውን ለብቻቸው ሸጠው የእኛንም ይካፈላሉ። ይሄ ፍትሕ ነው?"

"አይደለም፣ እውነትህን ነው" አለ ኡስማን። ከልቡ ነው።

ከዚያ ሸርኮን ወሰደ። የሸርኮ እህት የሠርጓን ወርቅ ሸጣለች። ተማሪዎቿ ፊት የምትቆመው በተጣፈ ጫማ ነው። "ስንሸጥ ሌባ አሉን። ቧንቧው ሲዘጋ አስረክቡ አሉን። ምን ቀረን? ከአውሮፕላን የጣሉብን መርዝ ገና ከአፈራችን አልወጣም፣ ካክ ኡስማን። እንዴት ብለን እንመናቸው?"

"አትመኗቸው፣ እውነትህን ነው" አለ ኡስማን። ይህም ከልቡ ነው።

ሲመለስ ጭንቅላቱ ውስጥ ሁለት እውነት ነበረ፤ አንዱ ሌላውን አላስወጣም። መመዘን ነበረበትና መዘነ። የሸርኮ በለጠበት። ስለዚህ አባቱ ያደርጉት እንደነበረው ኮፍያውን አውልቆ ሸርኮ ፊት ቆመ።

"ወንድሜ ሸርኮ፣ ለእኔ ስትል ተው።"

ሸርኮ ፊቱ ደም መሰለ። "እኔ? እኔ ልተው?"

"አዎ፣ ለእኔ ስትል፣ አንተ ተው።"

"ለአሜሪካ ስትሉ ተዉ፣ ለቱርክ ስትሉ ተዉ፣ ለአገሩ አንድነት ስትሉ ተዉ ሲሉን ኖሩ! አሁን ደግሞ ለኡስማን! እሱ እንዲተው ለምን አትለምነውም?"

ሙሐነድ ከወዲያ በኩል ፈገግ አለ። "አየህ? አቡ ነሲባም እውነቱን አወቀ።"

ኡስማን ደነገጠ። "አይ፣ አይ፣ ሙሐነድ! እሱን የለመንኩት የበደልከው አንተ ስለሆንክ ነው እኮ!"

የሙሐነድ ፈገግታ ጠፋ። ሁለቱም ተነሥተው ቆሙ፤ ጁላይ ከተጣሉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ተመለከቱ፤ ወደ እሱ። አንዱ በፊት በር፣ አንዱ በጓሮ በር ወጡ። ኡስማን ኮፍያውን እንደያዘ ጎማው መሐል ቀረ። የት ላይ እንደተሳሳተ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ሄዶ አሰበ፤ አባቱ ያላደረጉት አንድም ነገር አላገኘም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ነሲባ ከክፍሏ እየሮጠች ወጣች። "አባ! ዘ ፓይፕላይን ኢዝ ኦፕን!" ባግዳድና ኩርዶቹ ተስማምተዋል፣ ነዳጁ ወደ ቱርክ መፍሰስ ጀምሯል። ኡስማን ስልኳን ተቀብሎ የማያነበውን ጽሑፍ ትክ ብሎ አየው። "አልሐምዱሊላህ!" አለና እዚያው ቆሞ ደወለ።

"ሸርኮ! ሰማህ? ታረቁ እኮ!"

"ማን ታረቀ?"

"መንግሥቶቹ! ነዳጁ እየሄደ ነው። አበቃ። አንተና ሙሐነድም..."

"እኔና እሱ የተጣላነው በነዳጅ መሰለህ?" አለ ሸርኮ። "ሴትዮዋ ፊት ሌባ አለኝ።"

ሙሐነድ ዘንድ ደወለ። ሙሐነድ እስኪጨርስ ሰማውና፣ "አባቴን የገደሉት የእሱን መንደር ያቃጠሉት እነዚያው ሰዎች ናቸው" አለው። "አብረን ሣጥን ስንሸከም ነግሬዋለሁ። እያወቀ ከእነሱ ቆጠረኝ።"

ኡስማን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር የገባው መሰለው፤ ግን የገባው ነገር ምን እንደሚደረግበት አላወቀም። በመንግሥታቱ ጠብ የተለያዩ ሰዎች፣ መንግሥታቱ ሲታረቁ ተለያይተው ቀርተዋል።

ሰኞ ደረሰ። መልሱ ከፖለቲካው ጋር አይገናኝም ነበር። ያላቸው አንድ መኪና ነው። ዓፊፋ በኦክላንድ ሐኪም ቤት የጠዋት ሺፍት ትገባለች፣ መንዳት ደግሞ እስካሁን አልደፈረችም። እሷን አድርሶ ሚልፒታስ በሰዓቱ መግባት አይቻልም። ሁለቱ ባሉበት ይህንኑ እንዳለ ነገራቸው። "በመኪናው ምክንያት እዚሁ እቀራለሁ። ሌላ ነገር የለውም።"

ሙሐነድ መጥቶ አቀፈው። ጆሮው ሥር፣ "በመጨረሻ እውነቱን እንደምታይ አውቅ ነበር" አለው።

"መኪናው ነው አልኩህ እኮ።"

"ገባኝ፣ ገባኝ።"

ሸርኮ የዕቃ ሣጥኑን ጭኖ ጨርሷል። እጁን ዘረጋለት። "ችግር የለም፣ ካክ ኡስማን። ለምደነዋል።"

"ማናችሁ? ምኑን ነው የለመዳችሁት? ዓፊፋን ማድረስ አለብኝ እኮ ነው የምልህ!"

ሸርኮ ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ሄደ።

ኡስማን ሳምንቱን ሙሉ ጎማ ሲፈታ፣ ጎማ ሲያስር አሰበ። ዐርብ ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ውጭ ወጥቶ ደወለ።

"ሸርኮ፣ እሑድ እሑድ መጥቼ ላግዝህ። የጎማ አላይመንቱን ብቻህን አትችለውም።"

"ሙሐነድ ፈቅዷል?"

"ምን ያገባዋል? እሑድ የራሴ ናት።"

ሸርኮ ሳቀ፤ ሳቁ ደስ የሚል ይሁን የሚወጋ አይለይም። "የራሴ ናት ማለትን ሄደህ ለባግዳድ ንገራቸው" አለና ዘጋው።

ይህ እሺ ይሁን እምቢ ኡስማን አልገባውም። ነሲባን ጠየቃት። "አይ ዶንት ኖው አባ፣ ሜይቢ ቦዝ" አለችው፤ ምናልባት ሁለቱም ማለቷ ነው። እሑድ ጠዋት ተነሥቶ የሥራ ቱታውን ለበሰ። ዓፊፋ ከአልጋዋ ሆና፣ "የት ነው በእሑድ ምድር?" አለችው።

"ሚልፒታስ።"

"ና ብሎሃል?"

ኡስማን የመኪናውን ቁልፍ አነሣ።

"አላውቅም" አላትና መኪናውን ሊያስነሣ ወረደ።