ናርዶስን ይዤ ሃክኒ የሄድኩበት ማክሰኞ

ንጋት አንድ ሰዓት፣ ዌምብሊ

ከቤት ስንወጣ ገና አልነጋም። የመንገዱ መብራት እንደበራ ነው፤ የመኪኖቹ መስታወት በውርጭ ነጥቷል። ሰዓቱን በእኛው አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ እጄ ላይ ያለው ሰዓትም እንደዚያው ነው የተሞላው።

የአውቶቡስ ዙረቴን በዚህ ገጽ የምታነቡልኝ ሁሉ ታውቁኛላችሁ፤ መንገድ እወዳለሁ። ቀይዋ አውቶቡስ ፎቅ ላይ፣ ከፊት ወንበር ከተቀመጥኩ የት እንደምትወስደኝ አልጠይቅም። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ሁለት ልጅ ከወለድኩ በኋላ፣ በማታ መሠረተ ትምህርት ነው። እንግሊዝኛውንማ ተዉት፤ ጣቢያ የማውቀው በቀለምና በቁጥር ነው። ብጠፋም እስቃለሁ። የማክሰኞው ጉዞ ግን የዙረት አልነበረም። ቁርስ እንኳ አልወረደልኝም።

ልጄ ወይንሸት አርባ አራት ዓመቷ ነው፤ ባል የላትም። ፓርክ ሮያል የምግብ ማሸጊያ ውስጥ የፈረቃ መሪ ናት። ብቻዋን ሆና ከካምፓላ የአሥር ዓመት ልጅ በማደጎ አመጣች። ነገሩ አራት ዓመት ፈጀባት፤ ፎርሙ፣ ስልጠናው፣ ቤት እየመጡ ቁም ሣጥን ሳይቀር ቼክ ማድረጋቸው። አንድ ዓመት ሙሉ ሥራዋን ትታ እዚያው ካምፓላ ከልጅቷ ጋር ኖረች። ናርዶስ እዚህ ከገባች ሰባት ወሯ ነው። የቀረው የዚህ አገር ዳኛ ውሳኔ ነው። ዳኛዋ ከመወሰኗ በፊት ግን ጉዳዩን የያዘችው ሶሻል ወርከር ልጅቷን ለብቻዋ ታነጋግራለች። ቀጠሮው ሃክኒ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ወይንሸት ሳይነጋ ሥራ ገብታ ፈቃድ ያገኘችው ከሁለት ሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ ከዚያው በቀጥታ ትመጣለች። ልጅቷን ማድረስ የእኔ ሆነ።

መንገድ ስንሻገር እጄን ዘረጋሁላት። ጓንቷን ማስተካከል ጀመረች።

አንድ ሰዓት ከሃያ፣ ከዌምብሊ ወደ ዊልስደን

የሽማግሌ ነፃ ካርዴ ከሦስት ሰዓት በፊት አይሠራም፤ እንደ ሰው ከፍዬ ገባሁ። ባቡሩ ሙሉ ነው። ቢጫ ሰደርያ የለበሱ የመጋዘን ሠራተኞች፣ ቆመው የሚያንቀላፉ ነርሶች፣ እርጥብ ካፖርት፣ የተጠበሰ ቂጣ ሽታ። ቂጣው የእኛ ነው፤ ናርዶስ የምትወደው የካምፓላ ቻፓቲ፣ በእንቁላል ተጠቅሎ። ጉልበቷ ላይ ይዛው ተቀምጣለች፤ አልነካችውም።

ዊልስደን ጃንክሽን ላይ ባቡር መቀየር አለብን። ደረጃው ሥር ተደናግጬ ስቆም አንድ ብርቱካንማ የለበሰ የጣቢያው ሰው መጣ፤ ጢሙ የሸበተ ነው። ናርዶስ አነጋገረችው። እሱ ሳቀ፣ እሷ ግን አልሳቀችም።

«ምን አለሽ?»

«ከሁለታችሁ አለቃዋ ማን ናት አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«እኔ ነኝ አልኩት።»

ሌላ ቀን ቢሆን አንድ ሳምንት የምስቅበት ነገር ነበር።

የፈራሁትን አሁን ልንገራችሁ። ከሦስት እሑድ በፊት፣ ቅዳሴ አልቆ አዳራሽ ውስጥ ቆመን፣ ሴቶቹ ከበቡኝ። «ይቺ ቆንጆ የማን ናት?» አሉ። «የወይንሸት ናት» አልኩ። «እንዴት? ወይንሸት መቼ ወለደች?» ሲሉ አፌ ቀደመኝ። «በድብቅ ወልዳት፣ ዘመድ ጋ ስናሳድጋት ነበር» አልኩ። ማንም አላስገደደኝም። እኔ ባደግኩበት ሰፈር ማደጎ የተባለ ልጅ፣ ኳስ ቢያሸንፍም፣ እንጀራ ቢቆርስም፣ ሰው ሲጣላው የምትወረወርበት ቃል ያቺው ነበረች። ይቺ ልጅ ያን አትሰማም ብዬ ነው። ዘወር ስል ናርዶስ ብስኩት ይዛ ከኋላዬ ቆማለች። አማርኛ ትሰማለች፤ ካምፓላ ያደገችበት የሕፃናት ማሳደጊያ ወጥ ሠሪዋ ሐበሻ ስለነበረች አልጠፋባትም። ሁሉንም ሰምታለች።

ከዚያ ወዲህ ወይንሸትን በስሟ አትጠራትም። «ወይኒ» ማለቱ ቀረ። ወይንሸት ምን እንደሆነ አታውቅም፤ «ትምህርት ቤት ነገር ይኖር ይሆን?» ትላለች። እኔ አልነገርኳትም። በስልጠናው ላይ ደጋግመው ያስተማሯት ነገር፣ ልጅ ከየት እንደመጣች አይደበቅም፣ አይዋሽባትም የሚል መሆኑን ደግሞ ራሷ ነግራኛለች። ልጅቷ ዛሬ ገብታ «ወይኒ ወልዳኝ ነው የጣለችኝ» ብትልስ? አራት ዓመት ሙሉ የሞላችው ፎርም ሁሉ ውሸት ነው ቢሉስ? ልጅቷን ቢወስዷትስ?

ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ሰማያዊው መስመር

ይኼኛው ባቡር ከምድር በላይ ነው የሚሄደው። የሰው ጓሮ እያየን ሄድን፤ የልጆች ብስክሌት፣ ውርጭ የያዘው ሣር፣ ወጥ ቤት ውስጥ ቆሞ ሻይ የሚጠጣ ሰው። ጣቢያውን በጣቴ እቆጥራለሁ። ከፊንችሊ ሮድ በኋላ ዋሻ ገባን፤ መስታወቱ ጠቆረና የሁለታችንም ፊት ታየኝ።

«እማማ» አለችኝ። «ወይኒ ናት የወለደችኝ?»

«አይደለችም የኔ ልጅ።»

«አውቃለሁ።»

ትንፋሼ ተመለሰ። ምን ያደርጋል፣ ወዲያው ሄደ።

«የእኔ እናት ሞታለች። አምስት ዓመቴ ነበር፤ አይቻለሁ። አንቺ ግን ለሰዎቹ ስትነግሪ፣ እሷ የለችም። የት አደረግሻት?»

የአምስት ዓመት ልጅ ምን ታስታውሳለች ብዬ ነበር። ስለ ስድብ፣ ስለ ሰፈራችን፣ ስለ ማደጎ ላስረዳት ሞከርኩ፤ ለራሴ እንኳ አልገባኝም።

«ዛሬ ሜሮን እዚህ መኖር ትፈልጊያለሽ ወይ ስትለኝ ኖ እላታለሁ» አለች። ሜሮን ሶሻል ወርከሯ ናት። «እዚህ ከቆየሁ እናቴ ትጠፋለች። እዚያ ግን መቃብሯን አውቀዋለሁ።»

ከዋሻው ወጣን። ሃምፕስቴድ ሜዳው ነጭ ሆኖ ተዘርግቷል፤ ውሻ የሚያሯሩጡ ሰዎች አሉበት። ጣቢያ መቁጠሬን ረሳሁ። «ዳልስተን» ብላ ያስነሳችኝ እሷ ናት።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ዳልስተን ገበያ

ጊዜ ስለነበረን በገበያው በኩል በእግር ሄድን። ድንኳን እየተተከለ ነው፤ የብረቱ ድምፅ፣ የዓሣ ውሃ አስፋልቱ ላይ፣ በየሳህኑ የተቆለለ ቃሪያ፣ ሳህኑ አንድ ፓውንድ ተኩል። ናርዶስ ድንገት ቆመች። አረንጓዴ ሙዝ፣ የካምፓላው ማቶኬ፣ በእቅፍ በእቅፍ ተደርድሯል። ሻጯ ወፍራም ሴትዮ ናት፤ በካምፓላው ቋንቋ ሰላም አለቻት። ናርዶስ መለሰች። ሰባት ወር ሙሉ እንደዚያ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም፤ እጇ ሳይቀር ይናገራል። ሴትዮዋ አንድ ሙዝ በነፃ ሰጠቻት።

«ምን ትልሻለች?»

«እናትሽ የት ናት አለችኝ። ሥራ ናት አልኳት።» ሙዙን አገላበጠችው። «ስለ ሌላዋ አልጠየቀችኝም።»

እዚያ ላይ ዝም ብል ጥሩ ነበር። ፍርሃት ግን ሰውን ያናግራል። ጎንበስ ብዬ «ያልኩትን ነገር ለሜሮን አትንገሪያት፣ እሺ?» አልኳት። በሰባ አንድ ዓመቴ፣ ገበያ መሃል፣ ልጅ አስዋሻለሁ።

አየችኝ። ከዚያ ወዲያ እስከ ቢሮው ድረስ ከፊቴ ሁለት እርምጃ ቀድማ ሄደች፤ እኔ ከኋላዋ፣ የቦርሳዋን ጀርባ እያየሁ።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ቢሮው

ወይንሸት ቀድማ ደርሳለች። የፋብሪካው የፀጉር መሸፈኛ ግንባሯ ላይ መስመር ሠርቷል። ናርዶስን ልታቅፍ ስትል ልጅቷ እንደ እንጨት ቆመች።

ሜሮን ወጣች። ለንደን የተወለደች የሐበሻ ልጅ ናት፤ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላዋለች። «ሰላም ነዎት እማማ? ዶንት ወሪ፣ ጀስት ቻት ነው የምናደርገው» አለች።

«መጀመሪያ እኔ ልግባ» አልኩ።

«እርስዎ? እርስዎን ኢንተርቪው አላደርግም እኮ።»

«አታድርጊኝ። ብቻ ስሚኝ።»

ወይንሸትም ተከትላኝ ገባች። ቆሜ ነው የተናገርኩት፤ አዳራሽ ውስጥ ያልኩትን፣ ልጅቷ መስማቷን፣ ገበያ ላይ አትንገሪ ማለቴን። «ልጄ ምንም አታውቅም። ውሸቱ የእኔ ብቻ ነው» አልኩ።

«እማዬ!» አለች ወይንሸት። ድምጿ ተሰበረ። «አራት ዓመት! አንቺ ደግሞ በአንድ እሑድ!»

ሜሮን እርሳሷን ከፀጉሯ አወጣች። «እማማ፣ ሶሪ፣ ይሄን መጻፍ አለብኝ።»

«ጻፊው።»

ናርዶስ ገባች፤ በሩ ተዘጋ። እኔና ወይንሸት ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። አንድ ጊዜ ብቻ «ልጅቷ እዚህ አልቆይም ብትል እኔ ካንቺ ጋር አንድ ቤት መኖር የምችል አይመስለኝም» አለችኝ፤ ቀስ ብላ፣ ሳትቆጣ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። አርባ ደቂቃ ሆነ።

በሩ ሲከፈት ናርዶስ የመጀመሪያ ቃሏ «ሽንት ቤት የት ነው?» ነበር።

ሜሮን ያለችን ይኼን ነው፦ «ለዳኛዋ ሁሉንም ሪፖርት አደርጋለሁ፣ የእማማንም። ምን እንደሚወሰን አላውቅም። ናርዶስ የስም ኖም አላለችም፤ ታይም ትፈልጋለች። አንድ ነገር ግን ጠይቃለች። እሱን ራሷ ትንገራችሁ።»

ስድስት ሰዓት፣ በአውቶቡስ ወደ ቤት

ሦስታችንም ፎቅ ላይ ወጣን። ናርዶስ ቻፓቲዋን አሁን ፈታችው፤ ቀዝቅዟል። ለሁለት ቆረሰችና ግማሹን ወደ ወይንሸት ዘረጋች፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ። ወይንሸት ተቀበለቻት። ለእኔ አልደረሰኝም፤ አልተቀየምኩም።

«ሜሮንን ምን ጠየቅሻት?» አልኳት።

«ለሰዎቹ እንድትነግሪያቸው።»

«የትኞቹን?»

«የነገርሻቸውን። ሁሉንም። እናቴ ማን እንደሆነች።»

እሑድ አዳራሹ ውስጥ ቆሜ እንዲህ ማለት እችል እንደሆነ ራሴን ጠየቅኩ። አልችልም። ግን ያን ዕለት ከከበቡኝ ሴቶች ይኼን ገጽ የማያነብ እንደሌለ አውቃለሁ። ሳገኛችሁ ስለ አውቶቡሶቼ ትጠይቁኛላችሁ። ስለዚህ እዚሁ ልጻፈው። ይኼን ስጽፍ ናርዶስ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ የምትለኝን ነው የማሰፍረው።

እህቶቼ፣ ዋሽቻችኋለሁ። ወይንሸት ናርዶስን አልወለደቻትም። ብቻዋን ሆና፣ ፈልጋ፣ ለምና ያመጣቻት ናት። የወለደቻት ትርሲት ትባላለች። ካምፓላ በስደት የኖረች፣ ታክሲ ተራ አጠገብ ሻይ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍን ነበር። ናርዶስን በጀርባዋ አዝላ ውሃ ትቀዳ ነበር። ታማ ነው የሞተችው። ሰው እናቷን ቢጠይቃት ሁለት ናቸው ትላችኋለች፤ እናንተም እንደዚያው በሉ።

የዳኛዋ ደብዳቤ ገና አልመጣም። የፖስታ ማስገቢያው ክዳን ሲንኳኳ ብድግ እላለሁ፤ ወይንሸትም ከወጥ ቤት ቀና ትላለች። ሁለታችንም የወደቀውን ፖስታ ለማንሳት እንፈራለን።

የጻፍኩትን ለናርዶስ አነበብኩላት። ጥግ ይዛ አዳመጠችና «አንድ ነገር ረሳሽ» አለችኝ። «ረጅም ነበረች።»

ረጅም ነበረች። የካምፓላ ቤታቸው በር ላይ ጎንበስ ሳትል አትገባም ነበር።