የቻይናውን ወረዳ አውቄ የአብዱን ሳላውቅ

ዛሬ አሶሳ፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

መንገድ የሚሠራው ቻይናዊ ጎረቤታችን ስልኩ ላይ ካርታ ከፍቶ የተወለደበትን ለእኔና ለአብዱ አሳየን። ድሮ የገጠር ወረዳ ነበር፤ ከተማው እየሰፋ ወንዙን ተሻገረና ክፍለ ከተማ አደረገው። እናቱ ግን ቦታውን ዛሬም በድሮ ስሙ ነው የሚጠሩት።

የጂኦግራፊ መምህር አይደለሁ? "ወንዙ ከየት ይነሳል? ተራራው በየት በኩል ነው?" እያልኩ አጣደፍኩት።

እሱ ወደ አብዱ እየጠቆመ "እሱስ? ወረዳ የት?" አለኝ።

አብዱ አብሮኝ ያስተምራል፤ በየዒዱ ቤቱ ጠርቶ ያበላኛል።

"እሱማ የዚሁ አገር ልጅ ነው" አልኩ።

"የመንጌ ወረዳ ልጅ ነኝ" አለ አብዱ፣ ለቻይናዊው። እኔን አላየኝም።

ከጎጃም የመጣሁ ሰሞን እሱ የተወለድኩበትን ቀበሌ ሳይቀር ጠይቆኝ ነበር።

ለሥራ ከቤታችሁ ርቃችሁ የምትኖሩ፣ የሚያበላችሁን ሰው አገሩን ጠይቃችሁታል? ወይስ እንደኔ ናችሁ?