እሳቸው ብቻ ያላወቁት

ከሚሴ ላይ የታሰርነው ድሮ የእህል መጋዘን በነበረ ቆርቆሮ ቤት ነው። ሙቀቱ አናት ይበሳል፤ ግድግዳው አሁንም ማሽላ ማሽላ ይሸታል። የእኔ ወንጀል ክፍል ውስጥ ስለ ጭሰኛ ማስተማሬ ነበር። አጠገቤ የሚተኙት ሽማግሌ ያንኑ ነገር ለመንግሥት አቤት ያሉ ገበሬ ናቸው። ሦስተኛችን አቤቱታውን የጻፈላቸው ራፖር ጸሐፊ ነው።

ሰው ሲታሰር የማያምረው የለም። እኔን ፊልም መሥራት አማረኝ፤ ያውም አስፈሪ ፊልም። ኮሌጅ የተማርኩትን የትረካ አወቃቀር እያስታወስኩ በቃሌ ማቀድ ጀመርኩ። መነሻው ላይ አንድ ነጋዴ ከባቲ ገበያ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ነገሩ የሚወሳሰበው መንገድ ላይ አንድ ሰው ሲቀላቀለው ነው፤ ሰውየው ጅብ ነው። ተመልካቹ ጅራቱን ያያል፣ ነጋዴው አያይም።

«ፍርሃቱ ያለው እዚያ ላይ ነው አባባ። ሁላችን እናውቃለን፣ እሱ አያውቅም።»

ሽማግሌው በዕድሜያቸው ያዩት ፊልም አንድ ብቻ ነው፤ የጤና ሠራተኞች መንደር መጥተው ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ያሳዩት፣ ዝሆን የምታክል የወባ ትንኝ። ተቆጡ።

«ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ? ወላሂ ነውር ነው! ምነው አንዱ ተነሥቶ ቢነግረው?»

«ከተነገረው ፊልሙ ያልቃላ!»

«ይለቅ!»

እኔና ጸሐፊው በሳቅ ፈረስን።

እስረኛን የሚቀልበው ቤተሰቡ ነው። የሽማግሌው ባለቤት በየቀኑ ከመንደር በእግራቸው እየመጡ የማሽላ ቂጣ ለዘበኛው ይሰጡ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው የአስር ሰላት ላይ ሳሉ ዘበኛው እኔንና ጸሐፊውን ወደ በሩ ጠራን።

«ሴትዮዋ ዛሬ ጠዋት ድንገት አረፉ፤ ቀብረዋቸዋል። ይህን የጋገረችው ጎረቤት ናት» ብሎ ቂጣውን ሰጠን።

«እንንገራቸው» አልኩ።

ጸሐፊው ክንዴን ያዘኝ። «መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። አንድ ሌሊት እንኳ ይተኙ።»

እውነቱን ነው፤ ልማዳችን ነው። ቂጣውን ወስጄ መኝታቸው አጠገብ አስቀመጥኩ።

ሽማግሌው ሰላታቸውን ጨርሰው ቂጣውን ቆረሱልን። አላምጠው ቆም አሉ፤ ከዚያ ፈገግ አሉ።

«ዛሬ ጨው የለውም። ስትናደድብኝ እንዲህ ነው የምታደርገው። አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት ማለት ነው።»

የጎረሱትን ውጠው ወደ እኔ ዞሩ። «በል ኢልማ ኮ፣ ያን ነጋዴህን የት አደረስከው?» ደስ ሲላቸው ልጄ የሚሉኝ በኦሮምኛ ነው።

ኮሌጅ የተማርኩት የትረካ ሕግ ልክ ነበር፤ እኛ እያወቅን እሳቸው ስላላወቁ ፈራሁ። «እንቅልፌ መጣ አባባ» ብዬ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ሲነጋ ጸሐፊው ነገራቸው። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ።

«መቼ ሰማችሁ?» ብለው ጠየቁን።

«ትናንት፣ እርስዎ ሰላት ላይ ሳሉ።»

እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ። «ይህን ተሸክማችሁ አደራችሁ? አብሽሩ ልጆቼ፣ አይዟችሁ።»

አልቃሹ እኔ ሆንኩ። ጸሐፊው የመጠጥ ውሃችንን አንስቶ እጃቸው ላይ አፈሰሰላቸው። ተጣጥበው ጥምጥማቸውን አስተካከሉ፤ ቀጥ ብለው ቆሙና በሌሉበት ለተቀበሩት ሚስታቸው ሰገዱ። ሁለታችን ክርስቲያኖች ከኋላቸው፣ እስኪጨርሱ ቆመን ጠበቅናቸው።

ያን ፊልም አልሠራሁትም። አሁን እኔም ሽማግሌ ስለሆንኩ ሰፈር ውስጥ መርዶ ሲኖር ይጠሩኛል። «ሲነጋ እንሄዳለን» ይሉኛል። እኔ ግን ምርኩዜን አንስቼ ወዲያው እሄዳለሁ። ሌላ ሰው «ደህና ናት» እያለ ሲበላ ማየት አልችልም።