መፈልፈያው ሲቆም የጠፋብን ምት

ጊታር የተማርኩት ከሩዝ መፈልፈያ ነው። መምህር አልነበረኝም ማለቴ አይደለም፤ ነበረኝ፣ ያውም ቤት ውስጥ ጥቁር መነጽር የሚያደርግ። ባሕር ዳር ጥቂት ቆይቶ ወረታ ሲመለስ የሙዚቃ ሰው ሆኖ መጣ፤ እዚያ ምን ሲሠራ እንደነበር የጠየቀው የለም። ከመፈልፈያው ጋር ግድግዳ የምትጋራ አንዲት ክፍል ተከራይቶ እኔን ጨምሮ ጥቂት ሴቶችና አንድ የባጃጅ ሹፌር ሰበሰበ።

ትምህርቱ ሦስት ኮርድ፣ ማለትም ሦስት የጣት አያያዝ ነበር። ግራ እጅ ክሩን ይጫናል፣ ቀኝ እጅ ይመታል፦ «ታች፣ ታች፣ ላይ፣ ላይ፣ ታች፣ ላይ»። እሱ ይህን እየደጋገመ ስልኩን ያያል። ከአንዱ ኮርድ ወደ ሌላው ስንሸጋገር ጣቶቻችን ጠባብ በረት እንደገቡ ጥጆች ይተረማመሳሉ፤ እሱ ግን ቀና እንኳ ሳይል «ጎበዝ! ጎበዝ!» ይላል። ማንን እንደሚያሞግስ እንጃ። ከግድግዳው ወዲያ የመፈልፈያው ቺንጋ፣ ያ የሞተሩ ቀበቶ፣ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ ሲል እጃችን ሳይታወቀን እሱን ተከትሎ ይወርዳል፣ ይወጣል። ሩዝ ሊያስፈለፍሉ የመጡ ገበሬዎች በር ላይ ቆመው ሲያዩን እውነትም ሙዚቀኛ የሆንን ይመስለን ነበር። መብራት ሲጠፋ መፈልፈያው ይቆማል። ያኔ መምህሩ ጊታሩን አስቀምጦ «ለዛሬ ይበቃናል፣ ጣታችሁ እንዳይጎዳ» ይላል። ስለ ጣቴ በማሰቡ ደስ ይለኝ ነበር፤ እኔ ሞኝ!

ቤት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። አባቴ ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ የሚያመርቱ፣ ከብት የሚያረቡ፣ ከቃላቸው ንቅንቅ የማይሉ ሰው ናቸው። ጊታሩን ያዩ ቀን «አዝማሪ ልትሆኝ ነው? ከዘራችን አዝማሪ ወጥቶ አያውቅም» አሉ። ከዘራችን የማይታወቅ ስንት ነገር ቤታችን እንደገባ፣ የጣሪያውን ዲሽ ጨምሮ፣ ልነግራቸው ፈልጌ ዋጥኩት። «ግድግዳዬ ላይ አይሰቀልም» አሉ። ስለዚህ ጊታሩ በማዳበሪያ ጆንያ ተጠቅልሎ አልጋዬ ሥር ተኛ። ወንድሜ ሊያገባ ሲል ግን ሰርጉ ላይ አንድ ዘፈን እንድጫወት ለመነልኝ። አባቴ ብዙ አስበው «እሺ። ዘመድ ፊት ካዋረድሽኝ ግን ጊታሩ ከዚህ ቤት ይወጣል» አሉ። እኔ ደግሞ ከዚያ ጊታር በቀር የኔ የምለው ነገር አልነበረኝም።

የሰርጉ ዕለት መምህሩ ሊያጅበኝ የራሱን ጊታር ይዞ፣ መነጽሩን አድርጎ መጣ። ዳሱ ሞልቷል። ጀመርን። ኮርዱ ልክ ነው፣ ድምፄም አልከዳኝም። ምቱ ግን የለም! እኔ እሮጣለሁ፣ እሱ ይጎተታል፤ ቆሜ ስጠብቀው ደግሞ ጥሎኝ ያልፋል። አጎቴ አፉን በጋቢ ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ እስክስታ እንዳይመስላችሁ፣ እየሳቀብኝ ነው። መምህሩ ጆሮውን ወደ ዳሱ ጥግ አዘነበለ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ የመፈልፈያውን ድምፅ እየፈለገ ነው። ያ ሁሉ ደረት መንፋት፣ ያ ሁሉ «ጎበዝ»! ምቱን ይጠብቅልን የነበረው ቺንጋው ኖሯል። ባሕር ዳርም ምናልባት ወፍጮ ቤት አጠገብ ይሆናል የኖረው።

አባቴን አየኋቸው። ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለዋል። ተናደድኩ።

«ምነው ዝም አላችሁ? አጨብጭቡላት እንጅ!» አለች አክስቴ፤ ከበሮውን አንስታ መታች። ሴቶቹ ተቀበሏት። የነሱ ምት ታችና ላይ የሚባል ነገር አያውቅም፤ የሚያነክስ ይመስላል እንጂ አይወድቅም። ትከሻዬ ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቀዋል፤ እጄን ግን የጠየቀው አልነበረም። ኮርድ መቀያየሩን ትቼ በአንዱ ብቻ፣ ክሩን በመዳፌ እያፈንኩ ከጭብጨባው ጋር መታሁ። ዳሱ በሙሉ ተነሣ። መምህሩም ተነሥቶ ጨፈረ፤ ደግነቱ ጊታሩን አስቀምጦ ነበር።

በማግስቱ አባቴ መዶሻ ይዘው ገቡ። ግድግዳው ላይ ምስማር መቱ፤ ጊታሩን ከጆንያው አውጥተው ሰቀሉት። ምስማሩ ጠሟል፣ ያውም እኔ በማልደርስበት ከፍታ ላይ ነው።

«አባባ፣ እንዴት አድርጌ ላወርደው ነው?» አልኳቸው።

«ስትፈልጊ ትጠሪኛለሽ» አሉ።

እጠራቸዋለሁ። አውርደው ይሰጡኝና «ሥራ አለብኝ» ይላሉ፤ ግን ዘፈኑ እስኪያልቅ አይሄዱም።