ሃያ የሚቆጥር እጅ

በስራቦን ወር ነበር፣ ዝናቡ ሳያባራ በሚወርድበት። ወይስ ቀጣዩ ወር ባድሮ ገብቶ ነበር? ዴሎዋራ ያን ቀን ባሰበች ቁጥር መጀመሪያ የምትከራከረው ከወሩ ጋር ነው። «ስራቦን ነው» ትላለች ብቻዋን፣ ጮክ ብላ። ወዲያው ግን ውሃ ውስጥ የተዘፈዘፈ የጁት ቃጫ ሽታ አፍንጫዋ ላይ ይመጣባታል፤ በእነሱ በኩል ደግሞ ጁት የሚዘፈዘፈው ዘግየት ብሎ ነው። «እንግዲያው ባድሮ ነው» ትልና ትተወዋለች። ዓመቱንማ ከነጭራሹ ትታዋለች። ጎርፍ ያልነበረበት ዓመት ቢኖር በእሱ ትለየው ነበር።

ያኔ ዴሎዋራ የጀልባ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበረች። ጀልባው ረጅም ነው፤ ጣሪያው ላይ ሶላር ተነጥፎበታል፣ ሆዱ ውስጥ አራት ኮምፒውተሮች ከአግዳሚው ጋር በብሎን ታስረዋል። ሽማግሌው ሞንታጅ ሞተሩን ይዞ ከመንደር መንደር ያዞረዋል። ጠዋት ልጆች ይሳፈራሉ፣ ከሰዓት በኋላ ሴቶች። ማሽኑ ቃል ጽፎ ያሳያል፣ ሥዕል እያቀረበ ያስደምራል፣ ያስቀንሳል። በትክክል ለመለሰ ሰው «ጎበዝ!» የሚል የሕፃን ድምፅ ይወጣል። ለተሳሳተ እንቁራሪት ትጮህበታለች። የጆሮ ማዳመጫዎቹ በእርጥበት ስለሞቱ የማንም ስህተት ከማንም አይደበቅም። በክረምት ደግሞ የዳርቻው እንቁራሪቶች ለማሽኑ ይመልሱለታል፤ አንዳንድ ቀን ዴሎዋራ ዓይኗን ስትጨፍን ማን ማንን እያረመ እንደሆነ ይጠፋታል።

ኮሞላ ከሰዓት በኋላ ከሚሳፈሩት ሴቶች አንዷ ነበረች። ዕድሜዋን ሲጠይቋት «በአገራችን የነጻነት ጦርነት ጊዜ ጥርስ አብቅዬ ነበር አሉ» ትላለች። ባሏ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ በአንድ ሳምንት ትኩሳት ሄደባት። ከዚያ ወዲያ በዳክዬ እንቁላል ልጇን አሳደገች። ወንዙ ወደ ደጃፏ በቀረበ ቁጥር የቆርቆሮ ቤቷን ነቅላ፣ በጀልባ ጭና፣ ሌላ አሸዋ ላይ ትተክለዋለች። ቤቷ እንደ ዳክዬዎቿ ከውሃ ዳር ወደ ውሃ ዳር ሲዛወር ኖረ። ልጇ ሺሪና አሁን ጋዚፑር ከተማ ፋብሪካ ውስጥ የሸሚዝ ኮሌታ ትሰፋለች፤ «እማ፣ ነይና ከእኛ ጋር ኑሪ» ማለት ከጀመረች ቆይታለች።

«አማችሽ መጥቶ አይወስድሽም?» አላት ሞንታጅ አንድ ቀን፣ የፓን ቅጠሉን እያላመጠ።

«እንደ ሩዝ ጆንያ ትከሻው ላይ ጭኖ? ራሴ ነው የምሄደው። የአውቶቡሱን ግንባር አነባለሁ። ጋዚፑር ካለ እሳፈራለሁ፣ ካላለ አልሳፈርም።»

«አንቺ እስክታነቢው አውቶቡሱ ደርሶ ይመለሳል!»

«አንተ ሞተር እስክታስነሳ ዓሣው ሁሉ ይሸብታል፣ ማን ምን አለህ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ዴሎዋራም ሳቀች፤ ልቧ ግን አልሳቀም። ወንዙ የኮሞላን ዳርቻ እየበላው ነበር። በመጡ ቁጥር ጀልባውን የሚያስሩበት እንጨት ሌላ ነው፤ የቀድሞው ከነመሬቱ የለም። አንዳንዴ ትምህርት ላይ ሳሉ ከወደ ዳር ትልቅ ሰው ደክሞት ቁጭ ያለ የሚመስል ድምፅ ይሰማል፤ ተንዶ ወንዙ የገባ የእርሻ ቁራጭ ነው። ማንም ቀና ብሎ አያይም። ኮሞላ አንብባ መሄድ ካለባት ቶሎ ማንበብ ነበረባት።

እሷ ግን መጨረሻው ጥያቄ ላይ ተቸክላ ቀረች።

ጥያቄው ቀላል ነው። ማሽኑ የተዘረጋ እጅ ያሳይና «በዚህ እጅ እስከ ስንት መቁጠር ይቻላል?» ይላል። የሚፈልገው አምስትን ነው። በእነዚያ መንደሮች ግን ሰው የሚቆጥረው በጣት አንጓ ነው፤ አውራ ጣት እየተራመደ በየጣቱ ከነጫፉ አራት፣ የራሱም አራት ተጨምሮ በአንድ እጅ ሃያ። እንቁላል የሚሸጠው በሃያ፣ ፓን የሚታሰረው በሃያ። ልጆቹም መጀመሪያ ሃያ እያሉ እንቁራሪቷን አስጩኸዋታል፤ በኋላ የማሽኑን ጠባይ አወቁት።

ኮሞላ ጥያቄውን በጣቷ እየተከተለች ታነባለች፣ አውራ ጣቷን በአንጓዎቿ ላይ ታራምዳለች፣ ሃያ ብላ ትጽፋለች። እንቁራሪቷ ትጮሃለች። ማሽኑም ወደ ኋላ ወስዶ ቃላቱን ከመጀመሪያው ያስነብባታል፤ ጀልባ፣ ዳክዬ፣ መንገድ፣ እናት።

«አክስቴ» አላት ከጠዋት ወረፋው የቀረ አንድ ልጅ፣ በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ፣ «ማሽኑ እኮ የከተማ ሰው ነው፣ አንጓ የለውም። አምስት በይውና ይተውሽ!»

«ለከተማ ሰው ብዬ እጄን ላሳንስ?»

ዴሎዋራም ነግራታለች። «አክስቴ፣ አምስት ብለው ይጻፉለት። ከዚያ በኋላ ያበቃል።»

«ያበቃል?»

«ያበቃል። አበባ ይወጣል፣ ስምዎ ይጻፋል። ወንበሩንም ሻሄራ ትረከባለች።»

ደንቡ ይኸው ነበር፤ የጨረሰች ሴት ወንበሯን ለተረኛ ትለቃለች። ኮሞላ አንገቷን ነቀነቀች፤ ሃያ ብላ ጻፈች።

ተረኛዋ ሻሄራ ወጣት ነፍሰ ጡር ነበረች፤ በሩ ሥር ቁጭ ብላ የሩዝ ፈንዲሻ ትቆረጥማለች። «አክስቴ፣ ወንበሩን በርስት ነው እንዴ የያዙት? ልጄ ተወልዶ፣ ፊደል ቆጥሮ እሱ ይቀድመኛል!»

«ይቅደምሽ፣ ያስተምርሽ። ምን ጠላሽ?» ትላለች ኮሞላ።

አንድ ከሰዓት ዝናቡ ፋታ ሰጠ፤ ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን ሆነ። ጎኑ ላይ ስም የተጻፈበት የጭነት ጀልባ አለፈ። ኮሞላ በመስኮት ታየዋለች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያም ፈገግ አለች፣ የሚያውቁትን ሰው መንገድ ላይ እንዳዩ ሁሉ። ጀልባው አዲስ ነበር፤ በዚያ በኩል አልፎ አያውቅም። ዴሎዋራ አጠገቧ ቆማ ነበር። አክስቴ፣ አነበቡት? ልትል አፏን ስትከፍት የጭነት ጀልባው ማዕበል ደረሰ፣ ኮምፒውተሮቹ ተወዛወዙ፣ ሴቶቹ እየተሳሳቁ ስክሪኖቹን አቀፏቸው። ጊዜው አለፈ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዴሎዋራ ጠረጠረች። ኮሞላ ከቻለች ለምን ሃያ ትላለች? ወንበሩን ላለመልቀቅ ነው? ወይስ ጨረስሽ ማለት ሂጂ ማለት ስለሆነባት? ደግሞም አልጠየቀችም። ለራሷ እንኳ በቅጡ ባትነግረውም፣ እንቁራሪቷ እስከጮኸች ድረስ ዳርቻው የሚቆይ ይመስላት ነበር። ጀልባው ሲቃረብ ከሩቅ የኮሞላን የቆርቆሮ ጣሪያ ትፈልጋለች፤ ስታየው ትንፋሽዋ ይመለሳል።

ያን ቀን፣ ስራቦን ይሁን ባድሮ፣ ጣሪያው አልታየም።

ኮሞላ ዳር ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። እግሯ ሥር የጨርቅ ጥቅል አለ፤ ሳሪዋ እስከ ጉልበቷ በጭቃ ርሷል። ጠዋት ምድጃዋ ያለበት የቤቷ ወገን ወንዙ ውስጥ ወርዷል። ቆርቆሮውን ጎረቤት ገዝቷል፣ ዳክዬዎቹን ለሻሄራ ሰጥታለች። ይህን ሁሉ ከዳር ሰዎች ሰምቶ የተናገረው ሞንታጅ ነው፤ እሷ ገብታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። ጀልባ። ዳክዬ። መንገድ። እናት። አልተንተባተበችም፤ ጣቷንም ስክሪኑ ላይ አላስቀመጠችም። ሴቶቹ አንድ በአንድ ወደ እሷ ዞሩ። የተዘረጋው እጅ ሲመጣ ትንሽ አየችው፣ ከዚያ አምስትን ተጫነች።

«ጎበዝ!» አለ የሕፃኑ ድምፅ።

አበባው ወጣ። ከሥሩ ስሟ ተጻፈ። ኮሞላ ስሟን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው።

«ዛሬ እንዴት አምስት አሉት?» አለች ዴሎዋራ።

«ዛሬ የምከራከርበት ጊዜ የለኝም ልጄ። አምስት ካለ አምስት ይሁንለት።» ተነሣች፣ ጥቅሏን ያዘች። «ነይ ሻሄራ፣ ተቀመጪ። አሙቄልሻለሁ።»

ሻሄራ እያለቀሰች ተቀመጠችና የማይነካውን ነካች፤ ስክሪኑ ጠቆረ። «እትዬ፣ ገደልኩት! እትዬ ዴሎዋራ!» ዴሎዋራ ጎንበስ ብላ ገመዱን ነካካች፣ ማሽኑ እስኪነቃ ጠበቀች። ጥያቄው አፏ ላይ ነበር። ከመቼ ጀምሮ ነው ማንበብ የቻሉት? ይቺን ብቻ።

ቀና ስትል ወንበሩ አጠገብ ማንም የለም። በሩ ላይ ስትደርስ ወደ አውቶቡስ መንገድ የምታሻግረው ትንሽ ጀልባ እምቦጩን ከፍላ ወጥታለች። ኮሞላ የጁት ነዶ ላይ፣ ፊቷን ወደ ማዶ አዙራ ተቀምጣለች፤ አውራ ጣቷ በጣቶቿ አንጓዎች ላይ ይራመዳል።

«አክስቴ!» ብላ ተጣራች ዴሎዋራ።

ዝናቡ እንደገና ጀመረ፤ ጀልባዋ ውስጡ ገባች።