ፍሙና ገርበብ ያለው በር

«ስለ አክስትዎ ይንገሩን» ብለው የሰፈሩ ልጆች ያዙኝ፤ ልንገራቸው እንጂ ምን አደርጋለሁ።

በጦርነቱ ጊዜ ከሰሜን የተፈናቀሉ ሰዎች ታቦር በሚባለው በእኛ ሰፈር ክፍል ተከራይተው ነበር። ክረምቱ ከባድ ነው፤ መብራት ስለሚጠፋ ስቶቭም አይሠራም። ሰፈርተኛው ከሰል አዋጥቶ ሰጣቸው። አክስቴ ግን ከሰሉን ደጅ አቀጣጥለው፣ ጭሱ ወጥቶ ፍም እስኪሆን ጠብቀው ነው የሚያደርሱላቸው። ከተፈናቃዮቹ አንዷ አራስ ነበረች፤ እሷ ቤት ሲገቡ ደግሞ በሩን ገርበብ ያደርጉታል።

«እማማ፣ ብርዱ ልጄን ሊገድልብኝ ነው እኮ። ሙቀት አምጥተው በር ይከፍታሉ?» አለቻቸው አራሷ።

«ብርዱን በጋቢ እንችለዋለን የኔ ልጅ፤ በሩ ግን አይዘጋም» ብለው የራሳቸውን ጋቢ አለበሷት። ከዚያ በሩ ሥር ከቤት ይዘዋት በሚመጡት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ፍሙ አመድ እስኪሆን ያወራሉ። እኛ ደግሞ «ወሬ ፍለጋ ነው» እያልን እንስቅባቸዋለን። አሁን ዝናብ ሲመጣ ዓይኔ በርጩማዋ ላይ ያርፋል፤ የሚቀመጥባት የለም።

ከዓመታት በኋላ፣ ለቅሷቸው ላይ፣ ከቡሹሎ የመጡ አንዲት እኩያቸው ነገሩኝ። አክስቴ ወጣት ሳሉ በክረምት በር ዘግተው ከሰል ሲሞቁ አድረው፣ ጠዋት የመጀመሪያ ልጃቸው አልነቃም።